ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ

ውድ ዊልመር፣

ሮይስን አታስገድለው። ከሰላምታ በፊት ይህን መጻፌ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የአክስትህ ልጅ ሰልቪን ነገ ቅዳሜ ቀትር ላይ እመጣለሁ ብሏል፤ የሚመጣውም ሊጠይቀን አይደለም። አንተን ለኢሚግሬሽን ሰዎች አሳልፎ የሰጠህ ሮይስ አይደለም፣ እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህና ከዚያ የፈለግኸውን ፍረድ።

ዓይንህ እንዴት ሆነ? ሰልቪን በግራው የሚታይህ አሁንም ጥላ ብቻ ነው ብሎኛል። ወደ አገርህ ካባረሩህ በኋላ እናትህ ቤት መግባትህን ነግሮኛል፤ ልጅህ ዳሪያናም ፊትህን ስታይ ፈርታ ከበር ጀርባ መደበቋን። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። መንጋጋዬ በሽቦ ስለታሰረ ነው ብለው ሰዎች ያዝኑልኛል፤ ይዘኑ፣ ምን አደርጋለሁ።

ያን እሑድ ታስታውሰዋለህ፤ ግን አንተ የደረስከው መጨረሻው ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኖቹ ሰዎች ድልድዩ ሥር በድንኳን ለምናድረው ዳቦና የለውዝ ቅቤ አድለው ገና መሄዳቸው ነበር። ሙቀቱ የድልድዩን ብረት ሳይቀር የሚያግልበት ቀን ነው። ቀዩ ፒክአፕ ቁልቁል ሲመጣ ሌላ ዳቦ መስሎኝ ሳህኔን ይዤ ብድግ አልኩ። ሦስት ነበሩ፣ ጢማቸው እንኳ በቅጡ ያልወጣ። አንደኛው የቤዝቦል ዱላ ይዞ «ጽዳት! የጽዳት ቀን ነው!» እያለ ይስቃል። ሌላው የከሰል ማቀጣጠያ ፈሳሹን በየድንኳኑ ላይ ያርከፈክፋል። ሦስተኛው በስልኩ ይቀርጻል። ከጎኔ የነበረው ድንኳን ቦግ ሲል ውስጡ ሰው ነበር፤ ሴትየዋ ፀጉሯ እየነደደ ወጥታ መሬት ላይ ስትንከባለል ልጁ ስልኩን ጠጋ አድርጎ ቀረጻት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ለጎረምሳ ሌላ የቁጣ ቃል አላውቅምና «ወንበርህ ላይ ተመለስ አንተ!» ብዬ ጮህኩበት። ዱላው መንጋጋዬ ላይ አረፈ። ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ሲበተኑ ተሰማኝ። በሁለተኛው ክንዴ ተሰበረ። ለሦስተኛው ዱላውን አንስቶ «አሁን አንቺ ተቀመጪ» ሲለኝ ነው አንተ የጣሪያ መዶሻህን ይዘህ የደረስከው።

ክርኑን መታኸው፣ ዱላው ወደቀ። ጉልበቱን መታኸው፣ እሱም ወደቀ። ከዚያ ወድቆ ሳለ ጭንቅላቱን መታኸው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ በዚያች ደቂቃ «በቃ» አላልኩም። ደሜን እየዋጥኩ፣ ድገመው፣ ድገመው እያልኩ ነበር በልቤ። ልጁ አልሞተም፤ አሁን አፉ ተጣሞ ነው የሚናገረው። ሁለቱ ጎትተው ፒክአፑ ላይ ጭነውት በረሩ።

ፖሊስ ሲመጣ ማንም ምንም አላየም። መቼም ደንባችንን ታውቃለህ፤ ድልድዩ ሥር የመጣ ሰው ቅጽል ይወጣለታል፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ከወረቀቶቹ ጋር ፌስታል ውስጥ ይቀራል፣ ደንብ ልብስ ለለበሰ ሰው ደግሞ ቅጽሉም አይነገርም። እኔ «ሹፌሯ» ነኝ፣ አንተ «ጣሪያው» ነበርክ። ስሙን የማንደብቀው ሮይስ ብቻ ነው፤ እሱን ፖሊሶቹ እየዞረ ሲለምን ስለሚያውቁት ቀድመው በስሙ ይጠሩታል። ያን ቀን ፖሊሱ ሲጋራ ሰጥቶ ለብቻው ሲያናግረው ሁላችንም አየን። መዶሻህን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ወንዙ ውስጥ የጣለው ግን እሱ ነው። ይህን አታውቅም ነበር አይደል?

ያንተን ሙሉ ስም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በጥቁር ማርከር በድንኳኔ የውስጥ ሸራ ላይ ስምህንና የእናትህን ስልክ ስትጽፍ፣ በቋንቋችሁ እመቤት ለማለት ዶኛ እያልክ፣ ያልከኝን አስታውስ። «ዶኛ ቬርና፣ እኔ ከጣሪያ ወድቄ የቀረሁ እንደሆነ ስም አልባ እንዳይቀብሩኝ። እርስዎ ይንገሯቸው» አልከኝ። እኔም «ከኔ በፊት ብትሞት ውርድ ከራሴ፣ ባቄላ የሚያሞቅልኝ ማን አለ?» ብዬ ቀለድኩ። ጽሑፉ አሁንም አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ተጠራ። ደጅ የሚያድር ሰው ይታሰር ወይስ አይታሰር፣ ፖሊስስ የያዘውን ስደተኛ ለኢሚግሬሽን ያስረክብ ወይስ አያስረክብ የሚል ነው ክርክሩ። ሄድኩ። ሮይስም አብሮኝ መጣ፤ እሱ የመጣው ለክርክሩ ሳይሆን ለነፃው ብስኩትና ለቀዝቃዛው አየር ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። መናገር የፈለገ ይሰለፋል፣ ስሙንና አድራሻውን ለመዝገብ ይሰጣል፣ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፣ ቀይ መብራት ሲበራ ይቀመጣል።

ከፊቴ የተናገረችው የልብስ ንጽሕና መስጫው ባለቤት ናት፣ ያቺ ኮሪያዊት። «መስኮቴ ሦስት ጊዜ ተሰበረ። ጠዋት ስከፍት ደጄ ላይ መርፌና ዓይነ ምድር እጠርጋለሁ። እኔም ስደተኛ ነኝ፣ እኔ ግን ማንንም በመዶሻ አልመታሁም። ለእኔስ ማን ነው የሚናገርልኝ?» አለች። አንገቴን ደፋሁ፣ ምክንያቱም መስኮቷን አንዱን ጊዜ ማን እንደሰበረው አውቃለሁ፤ የኛው ሰው ነው።

ከዚያ የምክር ቤት አባሉ ሆሊስ ግሬዲ ተነሳ። ያ ሰው ማይክራፎን እንኳ አያስፈልገውም።

«የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭንቅላት ተፈረከሰ! ማን ፈረከሰው? አይታወቅም! ከየት መጣ? አይታወቅም! ስም የሌለው፣ አድራሻ የሌለው፣ መዶሻ የያዘ አውሬ በከተማችን እየዞረ ነው!»

«ልጆቹስ ምን ይዘው ሄዱ? አበባ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተ ዝም በል! ቤትህ ውሰዳቸዋ እንዲህ ካዘንክላቸው!» አለችው ሌላዋ።

«እስቲ አንድ ሰው» አለ ግሬዲ ጣቱን ወደ እኛ ቀስሮ፣ «አንድ ሰው ብቻ ይነሳና ለዚህ ሰው ይመስክር። ሰው ከሆነ ስም ይኖረዋል። ማን ይባላል?»

ደሜ ፈላ። ማይክራፎኑ ፊት ቆምኩ። ጸሐፊዋ «ስምዎንና አድራሻዎን ለመዝገብ ይንገሩን» አለችኝ። መናፈሻ ውስጥ በመተኛቴ የተጣለብኝና ያልከፈልኩት ቅጣት ስላለ፣ ስሜን ብሰጥ ከዚያው እንዳልወጣ ፈራሁ። «ሹፌሯ በይኝ፣ ይበቃል» አልኳት። ይህን ልብ በልልኝ ዊልመር። የራሴን ስም ደበቅሁ።

ከዚያ በታሰረው መንጋጋዬ፣ ጥርሴን እንደነከስኩ ተናገርኩ። «ስም አለው። ዊልመር አንቱኔስ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የናንተን ጣሪያ የሚጠግነው እሱ ነው፤ ዛሬ እንኳ ምሥራቅ በኩል ያለውን የባፕቲስቶቹን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እየቀየረ ነው የዋለው። ልጅ አለችው። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት እሱ ስለነበረ ነው። አውሬውን ከፈለጋችሁ በቀዩ ፒክአፕ የመጡትን ጠይቁ!» አልኩ።

ግማሹ አዳራሽ ተነስቶ አጨበጨበ። ሮይስ ብስኩቱን አፉ ውስጥ ከትቶ በሁለት እጁ ነው ያጨበጨበው። በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ጣፈጠኝ። ግሬዲ ግን አልተቆጣም፤ ብዕሩን አንስቶ አንድ ነገር ጻፈ። ከጎኑ ያለችው፣ ስብሰባውን የምታሰራጨው ካሜራ ቀይ መብራቷ እንደበራ ነበር። ያኔ እንኳ አልገባኝም፤ እንዲያውም በእግሬ ስመለስ ረታሁ እያልኩ ነው የሄድኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሆነውን ሰልቪን ነው የነገረኝ። ፊታቸውን የሸፈኑ ስድስት ሰዎች መሰላሉን ከበው «ዊልመር አንቱኔስ!» ብለው ሙሉ ስምህን ጠሩ አለኝ። አንተ ወደ ጣሪያው ጫፍ ሮጥክ። አንደኛው ከታች ሆኖ በበርበሬ የተሞላ ጥይት ዓይንህ ላይ ተኮሰ፤ ከሁለተኛ ፎቅ አሮጌው የጣሪያ ንጣፍ ከነሚስማሩ የተጠራቀመበት ላይ ወደቅህ። ሚስማሩ ጀርባህ ውስጥ እንዳለ ነው አገላብጠው ያሰሩህ። አንገትህ ላይ የቆመው ሰውዬ «ይኸው ጣሪያ ሠሪው መሬት ወረደ» ብሎ ሳቀ አለኝ። ሰልቪን ከሲሚንቶ ከረጢቶቹ ጀርባ ተደብቆ ሁሉንም አየ፣ ሰማ።

ወሬው ድልድዩ ሥር ሲደርስ «ማን ጠቆመ?» ተባለ። እዚያ የምክር ቤት ስብሰባ የሚያይ ሰው የለም። የሥራ ቦታህን አንድ ሁለት ጊዜ አብሮህ ሄዶ የሚያውቀው ሮይስ ነው፤ ድንኳኔ ውስጥ የጻፍከውን ስምህንም አይቶት ይሆናል ተባለ፤ ከፖሊስ ሲጋራ የተቀበለውም ሮይስ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በድንኳን ብረትና በድንጋይ ተነሱበት። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ከቆምኩበት ሰማሁት። አንዱ ጣቶቹን ጡብ ላይ አድርጎ በጡብ መታቸው፣ ሲጋራ የተቀበልክበት እጅ ነው ብሎ። «እኔ አይደለሁም! በእናቴ፣ እኔ አይደለሁም!» እያለ ይጮሃል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ በደም ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

እኔ ዝም አልኩ። አፌ በሽቦ መታሰሩ ተመቸኝ። መናገር የማልችል መስዬ ቆምኩ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩት እኔው። ፈሪ ነኝ ዊልመር። በዚያ ብረት እኔም እንዳልመታ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ማክሰኞ ሰልቪን መጥቶ ድምፅህን በስልኩ አሰማኝ። «ዶኛ ቬርና፣ ስሜን የጠበቁልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልክ። «ያን ከሃዲ ሮይስን ግን ለሰልቪን ይተዉት» አልክ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ሰልቪን ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አሳየኝና «መጻፍ ከፈለጉ ይጻፉ እናቴ፣ ቅዳሜ ስመጣ እኔው ወደ ቋንቋችን መልሼ፣ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ» አለኝ። ያኔም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ትናንት ግን ለሮይስ ሾርባ ወሰድኩለት። ከንፈሩ ስለተሰነጠቀ በኔው መምጠጫ ቱቦ ነው የሚጠጣው፤ ሁለት ጥርስ አልባዎች ተፈራርቀን እንጠጣለን። ሰልቪን ሊመጣ መሆኑን ነገርኩትና ሽሽ አልኩት። «በየትኛው እግሬ?» አለኝ።

«ሮይስ፣ አንተ ስብሰባው ላይ ነበርክ» አልኩት።

«ነበርኩ። ብስኩቱ ጥሩ ነበር።»

«ሲቀጠቅጡህ ለምን እሷ ናት አላልካቸውም?»

አንዱ ዓይኑ አይገለጥም፣ በሌላው አየኝ። «አንቺ ስም ጠራሽ፣ ሹፌሯ» አለኝ። «እኔ ስም አልጠራም።»

ከዚያ ቱቦውን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ከድንኳኑ ወጥቼ ወረቀት ፍለጋ ሄድኩ።

ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ አልለምንህም፤ ዓይንህን አይመልስልህም። ካንተ የምፈልገው ሮይስን እንድትተውልኝ ብቻ ነው። እዚህ ድልድይ ሥር ካለነው ሁሉ ደንቡን የጠበቀልህ እሱ ነው።

ሰልቪን፣ ይህን መጀመሪያ የምታነበው አንተ መሆንህን አውቃለሁ። አውቄ ነው ፖስታውን ያላሸግሁት። ስትደርስ በመኪናህ መስኮት አቀብልሃለሁ፤ ሳትጨርስ ከመኪናህ እንዳትወርድ አደራ። ስትጨርስ ፎቶውን አንሳና ለዊልመር ላክለት፣ ከዚያ ወደ እኔ ና። አልሄድም፣ አልደበቅም፤ ወንበሬን አውጥቼ ደጅ ላይ እቀመጣለሁ።

ለመዝገብ ይሁንላችሁ፤ ስሜ ቬርና ሉዊዝ ስቶካርድ ነው። የምኖረው ድልድዩ ሥር፣ ከባቡር ሐዲዱ ሲቆጠር ሦስተኛው ሰማያዊ ድንኳን ውስጥ ነው።