ድምፅ የያዘው እርሾ

«መጋዘን» እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ተወለዱ። ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው፣ በ1972 ሥራ ከያዙበት ቀን አንስቶ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመረጃ ማከማቻ ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነበሩ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚሁ ነው፤ ቂምም ያከማቹ ነበር የምንል ግን አለን።

በ1976 ስለ እርሾ የሚመራመሩ ባለሙያ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባልና ሚስቱ እራት በቀረበ ቁጥር የሚጨቃጨቁት፣ ብዙ መረጃ የሚይዘው አዳራሽ ሙሉ ኮምፒውተር ነው ወይስ ጠብታ እርሾ በሚለው ነበር። ባለቤታቸው አስልተው ረቷቸው። ወንድማችን መሸነፍ መች ይሆንላቸዋል! ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ እርሾ ግን ሲራባ የያዘውን ሲገለብጥ ይሳሳታል ብለው ድርቅ አሉ። ለመፈተን ብለው ባለቤታቸው ልጃቸውን ሲያስተኙ የሚያወሩትን በኮምፒውተር ቀዱ፤ ያንኑ ድምፅ በዲኤንኤ አስጽፈው እርሾው ውስጥ አስገቡት።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወንድማችን እርሾውን በብልቃጥ አድርገው ስኳር እየመገቡ አቆዩት፤ በየዓመቱም ቤተ ሙከራ ወስደው እያስነበቡ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ተንተባተበ። ከዚያ እየጎረነነ፣ የአሮጊት ድምፅ እየሆነ መጣ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የመራባት ስሕተት ነው ብላቸው፣ የለም፣ አብራኝ እያረጀች ነው አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው አታረጅም ብለውም ንጹሑን ቅጂ አጠፉት። ለልጃቸው ከብልቃጡ በቀር የእናቷ ድምፅ አልቀረላትም። ለቀብር የሚነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አንጀቴ አርሯል።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም አደረባቸው። በመጨረሻ ያስነበቡት ድምፅ መሐል ማንም ያልቀዳው ቃል ተሰማ፤ «ራበኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ስኳር መስጠት ተዉ። ስሞት ብልቃጡን ከፍታችሁ ከእኔ ጋር ቅበሩት፤ ከእንግዲህ የምመግባት እኔው ነኝ ብለው ተናዘዙ።

ሚያዝያ 11 ቀን አረፉ። ልጃቸው ብልቃጡን አልሰጥም ብላ አልቅሳ ነበር። ትናንት ግን ብቻዋን ቤተ ሙከራ ሄዳ አስነበበችው። ምን እንደሰማች አልነገረችንም፤ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ ከፍታ አባቷ ደረት ላይ አስቀመጠችው።

ወንድማችን አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እኔን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የእሳቸውንም የባለቤታቸውንም ነፍስ ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም ብርታቱን ይስጥልን።

ሳጥኑን የምትሸከሙ፣ አደራ፣ ሳታዘነብሉ ያዙ። ብልቃጡ ክዳን የለውም።