የአራተኛው ጠረጴዛ ልየታ

ደብረ ታቦር
የካቲት 13 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ ለአባ ኃይለ ጊዮርጊስ
ጣራ ገዳም

አባቴ፣ ጉልበትዎን ከሩቅ እየሳምሁ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ባለፈው ወር ከገዳሙ የተመለሱ ሰዎች የእግርዎ ሕመም እንደ ቀለለልዎና ከመነኮሳቱ ጋር እንጨት መሸከም እንደ ጀመሩ ነግረውኛል። በሸክሙ ባልስማማም በመዳንዎ ደስ ብሎኛል። እኛ ደኅና ነን፤ ፈንታነሽም ጤነኛ ናት። ይህን ስል ስለ አካላችን ብቻ እንደምናገር ይረዱልኝ።

መንገዱ የግማሽ ቀን ስለሆነ መጥቼ ልነግርዎ እችል ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ መናኸሪያው ሄጄ ተመልሻለሁ። ፊትዎን እያየሁ ከተናገርሁ ነገሩን ለራሴ እንደሚመች አድርጌ እንደማቀርበው ስለማውቅ፣ በጽሑፍ ይሁን አልሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ዓለምን ትተው ሲነሡ ስለ እህቴ ስለ ፈንታነሽ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ። አብላት፣ አልብሳት አላሉም፤ ያንን እንደማደርግ ያውቁ ነበር። ያሉኝ፣ «ፈንታን ከሰው መሀል አታውጣት» ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትእዛዝዎን አልፈጸምሁም። በር አልቆለፍሁባትም፤ ነገር ግን የምትወጣበት ምክንያትም አልሰጠኋትም። በመጽሐፍ ቋንቋ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚባለውን ሰፈራችን «የዋህ» ብሎ ያልፈዋል፤ የዋህ የተባለ ሰው ደግሞ ምንም አይጠየቅም፣ ምንም አይሰጠውም። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ከእኔ በቀር በስሟ የሚጠራት ሰው እንዳልነበረ ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው።

እርስዎ እንደሚያውቁት፣ እኔ የምሠራው በዘር ድንች አምራቾች ማኅበር በጥራት ባለሙያነት ነው። ዘሩ ለገበሬ ከመከፋፈሉ በፊት ሴቶች በአራት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠው ጤነኛውን ከታመመው ይለያሉ። በ2010 መስከረም ፈንታነሽ በዚህ ሥራ እንድትሞከር ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ አቶ ሙላቴ፣ ከወጣትነታችሁ ጀምሮ በአንድ የጽዋ ማኅበር አብራችሁ የጠጣችሁት ሙላቴ፣ ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። ይህን በኋላ ከምጽፈው ጋር አብረው እንዲያስቡት እለምናለሁ፤ በሩን የከፈቱልን እሳቸው ናቸው።

ሥራውን በአምስት ደረጃ ከፈልሁላት። ድንቹን ታነሣለች፤ አፈሩን ትጠርጋለች፤ በመጠን መለኪያው ጣውላ ቀዳዳ ታሳልፋለች፤ ዓይኖቹን ትመለከታለች፤ ከሦስቱ ሣጥኖች በአንዱ ታስቀምጣለች። ሌላው በሁለት ቀን የሚለምደው ሥራ ሦስት ወር ፈጀባት። ከዚያ በኋላ ግን አርባ ሣጥኖቿን መርምሬ ሁለት ስሕተት ብቻ አገኘሁ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች በተመሳሳይ ቁጥር ያገኘሁት በአማካይ አሥራ አንድ ነበር። እህቴ ስለሆነች ልኬቱን ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ሴቶቹ በመጀመሪያ ምሳ ሲበሉ ለብቻዋ ይተዋት ነበር። አንድ ቀን ጌጤ የምትባለው ሠራተኛ፣ «ይች እስክትለይ ድንቹ በቅሎ ያብባል እኮ» አለች። ከጅዳ ተመልሳ በዚያው ጠረጴዛ የምትሠራው ዘይነብ ቀና ሳትል፣ «ያንቺማ በሽታውን ይዞ ነው የሚያብበው» አለቻት። ሁሉም ሳቁ፤ ፈንታነሽ ነገሩ ዘግይቶ ገባትና ከሁሉም በኋላ፣ ከሁሉም አስረዝማ ሳቀች። ሴቶቹን መልሳ ያሳቀቻቸው የእሷ ሳቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አብረው በሉ። ጠዋት ጠዋት ዘይነብ ከደጃችን ትወስዳት ጀመር፤ ባጃጅ ነጂው ከማልም እሷ ተደላድላ ሳትቀመጥ አይነሣም ነበር።

በዓመቱ ሁለት ቤተሰቦች ወደ እኔ መጡ። አንዱ ፈንታሁን ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት የሞላት፣ ጎረቤት እንኳ መኖሯን በቅጡ የማያውቅላት ልጅ አለችው። «ያንተን እህት ገበያ ላይ ሰው ሰላም ሲላት አየሁ» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። ሌላዋ ሴት ደግሞ ስለ ታናሽ እህቷ ልትጠይቅ መጣች። ማኅበሩ ሁለቱንም ለሚቀጥለው ወቅት ለመቀበል ተስማማ።

አሁን ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

በልየታው ሥራ ማንም ያልጻፈው ልማድ አለ። የታላቅ ሰው ጆንያ ሲመጣ ሴቶቹ ዓይናቸውን ያላላሉ። አዛዥ የለበትም፤ የሽማግሌን ምርት በፊቱ መጣል ሽማግሌውን እንደ መናቅ ስለሚቆጠር ነው። አውቀው ነበር፤ ጉዳቱ አነስተኛ መስሎኝ ዝም አልሁ። ለፈንታነሽ ግን አላስተማርኋትም። ከአምስቱ ደረጃዎች ውስጥ አልነበረም።

ባለፈው ኅዳር 4 ቀን የአቶ ሙላቴ ጆንያዎች በአራተኛው ጠረጴዛ፣ በእሷ ፊት ተራገፉ። እሳቸው ሲገቡ ከግማሽ የሚበልጠው ለዘር በማይሆነው፣ በውድቁ ሣጥን ተቀምጦ አገኙት።

«ድንቼን ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ፈንታነሽ።

«ምን አድርጎሽ?»

«አልቅሷል።»

በአጠውልግ በሽታ የተያዘ ድንች ከዓይኑ ርጥበት ያወጣና አፈር ይጣበቅበታል፤ እሷ ለዚህ ያወጣችለት ስም ነው። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አቶ ሙላቴም ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያ አባብይው» አሏት፤ ወደ ተሸካሚዎቹም ዞረው «መልሱት» አሉ። ዘይነብ ብድግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ባለሙያው ይየው እንጂ» ስላለች ተጠርቼ መጣሁ።

አምስት ድንች ቆረጥሁ። በሦስቱ ውስጥ የበሽታው ምልክት የሆነው ቡናማ ቀለበት ነበረ፤ ስጫነውም ነጭ ፈሳሽ ወጣው። ዘይነብ በቀኜ ቆማ ነበር፤ ሣጥኑን የያዘችልኝ ፈንታነሽ ነበረች። አቶ ሙላቴ፣ «ምን ትላለህ ባምላኩ?» አሉኝ።

«ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል» አልሁ።

አባቴ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ውሸት አይደለም፤ የመረጥሁትም ውሸት ስላልሆነ ነው። ሆኖም ናሙና አልላክሁም፤ እንዲላክም አላዘዝሁም። ቢሮዬ ደርሼ በሩን ስዘጋ የሣጥኖቹ ድንች ወደ ጆንያ ሲገለበጥ ይሰማኝ ነበር። ሰውዬውን ባሳፍር እህቴን ያስወጧታል ብዬ አሰብሁ። ይህ ምክንያት እውነት ነው፤ ብቸኛው ግን አልነበረም። የእኔም የሥራ ውል የሚታደሰው በእሳቸው ፊርማ ነው።

ዘሩ ለአሥራ አራት ገበሬዎች ተከፋፍሎ በመስኖ ተተከለ። በጥር አጋማሽ የዘጠኙ ማሳ ጠወለገ። አንዱ የቀድሞ ጎረቤትዎ የአያሌው ነው። በሽታው ከአፈሩ ስለማይወጣ፣ ያ መሬት ለዓመታት ድንች አይተከልበትም። አያሌው ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ፣ «ውኃ አንሶት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ውኃ እንዳላነሰው ነገርሁት፤ ከዚያ በላይ አልተናገርሁም።

ጥር 25 ቀን የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አቶ ሙላቴ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጅቱ ምን ታድርግ፤ እግዜር እንደ ፈጠራት ናት። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አዝነንላት ከዐቅሟ በላይ ጫንባት» አሉ። ማንም አልሰደባትም። ሁሉም በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ስድብ ቢሆን ምናልባት መልስ ባገኘሁለት ነበር፤ ለሐዘኔታው ግን የምለው አጣሁ። ማስረጃ ስጠየቅ፣ «ዘሩ በአራተኛው ጠረጴዛ መለየቱ በመዝገብ ተረጋግጧል» የሚል የግማሽ ገጽ ሪፖርት ጽፌ ፈረምሁ። ይህም ውሸት የለበትም።

በማግሥቱ እንዳትመጣ ተነገራት። ፈንታሁን በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «የኔዋ እቤቷ ትሁን፤ ለወቀሳ አላወጣትም» አለኝ። ሌላዋ ሴት ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ፈንታነሽ አሁንም ጠዋት ሰማያዊ ጋወኗን ለብሳ ደጃፍ ትቀመጣለች። ከማል ሦስት ቀን ቆመላት፤ ሊነግራት አንጀቱ ስላልቻለ በአራተኛው ቀን በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ዘይነብ ግን ባለፈው እሑድ ወደ ቤት መጣች። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም።

«ጋሼ ባምላኩ፣ አምስት ድንች ቆረጡ። ሦስቱ የታመመ ነበር። እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እስከ አምስት ግን እቆጥራለሁ።»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አልተናገርሽም?» አልኋት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ አሳፈረኝ።

«እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ብናገር፣ ዐረብ አገር ከርማ ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች ነው የሚሉኝ። እርስዎ ዝም ያሉትን እኔ ብናገረው ማን ይሰማኛል?» ብላ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ጎመን እየቀነጠሰች ወደ ነበረችው ወደ ፈንታነሽ ሄጄ፣ «ያ ነገር ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኋት። ለዚህ ንግግር ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቼ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት ዐወቅሽ?»

«ስትቆርጠው ሣጥኑን ይዤ የለ እንዴ። አንተም አየኸው።» ጎመኑን መቀንጠስ አላቆመችም። «ለሰዎቹ ግን ለምን አልነገርሃቸውም?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የጠፋ ዕቃ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችኝ። እስከ ዛሬም አልደገመችልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ሪፖርት ጽፌአለሁ፤ ሦስት ገጽ ነው። የአርባው ሣጥን ልኬት፣ የአምስቱ ድንች ነገር፣ «መልሱት» ያለው ማን እንደሆነ፣ እኔም ምን ዐይቼ ምን እንዳልተናገርሁ በቀን በቀኑ ሰፍሯል። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ እዚያ አነበዋለሁ። ዘጠኙ ገበሬዎች ይኖራሉ፤ ፈንታሁንም አባል ስለሆነ ይገኛል። ፈንታነሽ አብራኝ ለመሄድ ፈልጋለች፤ አልከለከልኋትም።

የሚሆነውን በተቻለኝ መጠን ገምቻለሁ። ውሌ አይታደስም። ወደ ጠረጴዛዋ እንደሚመልሷት እርግጠኛ አይደለሁም፤ በእኔ ሰበብ ጨርሶ ሊዘጋባት ይችላል። አቶ ሙላቴ በሕዝብ ፊት ያፍራሉ። በሰባ ዓመታቸው በወዳጃቸው ልጅ ማፈራቸው እርስዎን ምን ያህል እንደሚያሳዝን አላጣሁትም። ክፉ ሰው ናቸው ብዬም አልጻፍሁም። ባለሙያቸውን ጠየቁ፤ ባለሙያቸው አልመለሰላቸውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎ እመት አዛለች ናቸው፤ ለሱባኤ ስለሚመጡ ሳምንት ሰንብተው ይመለሳሉ። ረቡዕ ጽፌ ዓርብ በሚነሡ ሰው እጅ የላክሁት በድንገት አይደለም፤ ዛሬ ማታ የሚነሣ ሌላ መልእክተኛም ነበረ። ምላሽዎ ከእሑድ በፊት እንዳይደርሰኝ አስቤበት ነው። ይህ ድፍረት መሆኑን ዐውቃለሁና ይቅር ይበሉኝ። «ተው ልጄ» ቢሉኝ እተወዋለሁ፤ እንዲሉኝም እየተመኘሁ ነው የምጽፈው።

የገዳሙ ቅዱሳን ጸሎት ጉልበት ይሁንዎ፤ ብርድ እንዳይነካዎ የላክሁትን ጋቢ ለሌላ ሳይሰጡ ይልበሱልኝ። በማዕጠንቱ ሰዓት የፈንታነሽን ስም ከእኔ ስም አስቀድመው ያንሡልን።

ቡራኬዎን የሚሻ ልጅዎ
ባምላኩ