በወ/ት ብሪቱ ገረሱ ዕረፍት ከላይ ጉድጓድ ሰፈር ተከራዮች መረዳጃ ማኅበር የተሰጠ የሐዘንና የምስክርነት ቃል

አሶሳ፣ ኅዳር 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

የላይ ጉድጓድ ሰፈር የቀበሌ ቤት ተከራዮች መረዳጃ ማኅበር፣ የሕግ ተማሪዋ ወ/ት ብሪቱ ገረሱ በተወለዱ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ጥቅምት 29 ቀን በወባ በሽታ ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለጓደኞቻቸውና ለአሶሳ ሕዝብ የሚያረዳው በታላቅ ሐዘን ነው። ሐዘን ብቻ ቢሆን በቀለለን። ጸጸትም አለበት፤ የዚህ መግለጫ ግማሹ የሚጻፈውም ስለ እሱ ነው።

ወ/ት ብሪቱ በወለጋ፣ መንዲ ከተማ ከአባታቸው ከአቶ ገረሱ ዲሳሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጠጂቱ ነገሪ ተወለዱ። ባለፈው ሐምሌ ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ከአዲስ አበባ ከተላኩት ተማሪዎች አንዷ ሆነው ወደ እኛ መጡ። ቀን ሣርና እንጨት ሲሸከሙ ውለው፣ ከሥራ ሲወጡ ከአምስት የሕግ ተማሪ ጓደኞቻቸው ጋር በማኅበራችን ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ቤት ልቀቁ ለተባሉ ተከራዮች ማመልከቻ በነጻ ይጽፉ ነበር። ኦሮምኛ የአፍ መፍቻቸው ነው፤ ከመንዲ ነጋዴዎች የለቀሙት ዐረብኛም ነበራቸው። አማርኛ የሚከብደን ሰዎች የልባችንን በቋንቋችን ተናግረን በወረቀት ሰፍሮ ያየነው በእሳቸው እጅ ነው። እናቶቻችን «ቢንቲ»፣ ልጄ፣ ይሏቸው ነበር።

በነሐሴ 1977 ዓ.ም. የአንዲት ነፍሰ ጡር ተከራይ የልቀቂ ትእዛዝ እስክትወልድ እንዲቆይ አስደረጉ። ልጁ ተወልዷል፤ እናቱም እዚያው ቤት ናት።

መስከረም 28 ቀን 1978 ዓ.ም. ቤት ቆጣሪዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። የሦስት ቤቶች በር በገመድ ታስሮ አገኙት። የቤቶቹ ሰዎች በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ማሽላቸውን ከወፍ ሊጠብቁ ከነልጆቻቸው እርሻ ወርደው ነበር። ቆጣሪዎቹ ሰዎቹ የት እንዳሉ ሲጠይቁን «አናውቃቸውም» አልን። ያን ሰሞን ለሚሊሺያ የሚመለመል ሰው ይፈለግ ነበር። ወረቀት ይዞ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ጎረቤት የገባበትን አለመናገር በሰፈራችን የቆየ ልማድ ነው። ጎረቤት ጠበቅን ብለን ጎረቤታችንን ቤት አሳጣን! ቃላችን «ሰው የሌለበት» ተብሎ ተመዘገበ፤ ቤቶቹም ለሰፈራ ሠራተኞች ማደሪያ እንዲሆኑ ታዘዘ።

ጥቅምት 8 ቀን ወ/ት ብሪቱ ትእዛዙን ለሚያየው የፍርድ ሸንጎ የሚቀርብ አንድ ገጽ ምስክርነት ጽፈው አመጡልን። አሥራ አንድ ጎረቤቶች ቤቶቹ ሰው እንዳለባቸው አረጋግጠን እንድንፈርም ነበር የጠየቁት፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። ተሰብስበን መከርን። ትናንት አናውቅም ያልን ሰዎች ዛሬ እናውቃለን ብንል ማን ያስጥለናል ተባለ። ሊቀ መንበራችን አቶ ዐብዱልቃድር ኦመር ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከተቱት፤ አንድም የተቃወመ አልነበረም። «እንግዲያስ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይፈርሙ» አልናቸው። እርሻው በኩርሙክ መንገድ፣ ቆላ መሆኑን፣ ወቅቱም ወባ የሚበረታበት መሆኑን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መንገዱን በጣታችን አሳየናቸው እንጂ አብሯቸው የሄደ ሰው አልነበረም።

ከጥቅምት 10 እስከ 14 ቀን በእግራቸው ተጉዘው የወ/ሮ ኸድራ ሐምዳንንና የወ/ሮ ኡምኩልሱምን የጣት አሻራ አመጡ። የቀረው የአቶ ብኸይታ ነበር። ወደ እሳቸው እርሻ ጥቅምት 22 ቀን ሲነሱ ትኩሳት ጀምሯቸው ነበር። ጓደኞቻቸው እንዲያርፉ ቢለምኗቸው «ቀጠሮው ኅዳር 6 ነው፤ ያኔ አርፋለሁ» ማለታቸውን ነግረውናል። ከመንገድ በሸክም ተመለሱ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኛ ዝምታ ግን ነቀዘ። አሥራ አንድ ፊርማ እዚሁ ሰፈር ተቀምጦ አንዲት ልጅ አሻራ ፍለጋ ቆላ ወረደች። በሕይወት ሳሉ አንቺ እንላቸው የነበሩትን ዛሬ አንቱ ማለታችን ምን ሊጠቅማቸው?

አቶ ገረሱ፣ ወ/ሮ ጠጂቱ፤ ልጃችሁ መንዲ ቢቀበሩም ለቅሶው እዚህም ተቀምጧል። አብረዋቸው ለደከሙት አምስቱ ተማሪዎችም ሐዘናችንን እናቀርባለን። ፈጣሪ ያጽናችሁ፤ እኛን ግን ይቅር ለማለት አትቸኩሉ።

ከነገ ወዲያ ኅዳር 6 ነው። ከሳጥን የወጣው የወ/ት ብሪቱ ገጽ፣ በእጃቸው እንደጻፉት፣ ከዚህ መግለጫ ጋር ለፍርድ ሸንጎው ይቀርባል። አሥራ አንዳችንም ፈርመንበታል፤ በመጀመሪያ የፈረሙት ሊቀ መንበሩ ናቸው። በመስከረም የሰጠነው ቃል ሐሰት ነበር፤ የሚያስጠይቀን ከሆነም እንጠየቃለን። ወ/ሮ ኸድራ፣ ወ/ሮ ኡምኩልሱምና አቶ ብኸይታ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቤቶቹ ሰው አለባቸው፤ ሰዎቹንም እናውቃቸዋለን።