ግራው በሩ ላይ፣ ቀኙ እኔ ላይ

ታዴዬ፣

ያ የኩላሊት በሽታ ከለየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የልደታ ጭቃ ደርቋል፣ ጣራችን ዛሬም ያፈሳል፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ዛሬም ሊቀመንበር ነው። እሱን የሚያፈርስ ዝናብ አልተገኘም።

ልጃችን ሮማን አምስት ዓመቷን ያዘች። ካንተ የወረሰችው ዓይንህን ነው። ያንተ ግራ ዓይን ወደ ውጭ ነበር የሚሄደው፤ የሷ ግን ቅርብ ነገር ለማየት ስትጥር ወደ አፍንጫዋ ይገባል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ስታድግ ይለቃታል ብለው ፈረዱ። እሳቸው ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ ሠፈሩ በሙሉ እስኪያድግ ይጠብቅ ነበር። እኔ አልጠበቅሁም። ሐኪሙ መነጽር አዘዘላት። ደህናውን ዓይኗንም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሸፍኚው አለኝ፤ አለበለዚያ አእምሮዋ ሰነፉን ዓይን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ኋላ መመለሻ የለውም። ሠፈሩ ይህን ሲሰማ ጉድ አለ። ደህናውን ሸፍና በሽተኛውን የተወች እናት ተባልኩ።

ሊቀመንበሩን መቼም አትረሳውም። በውይይት ክበብ «እኔ ስናገር በሩን ታያለህ፣ አብዮቱን ንቀሃል» ብሎ ግለሂስ ያስደረገህ እሱ ነው። ሰው ዓይኑ ስለተንሸዋረረ ግለሂስ ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ተነሥተህ ኮትህን ቆለፍክና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዓይኔ በሩን ቢያይም ጆሮዬ እናንተ ጋ ነው» አልክ። ተሰብሳቢው ሊስቅ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እሱ ግን ከምሩ አጨበጨበልህ፤ ስህተትህን አምነህ የታረምክ መስሎት። ቤት ስንገባ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አሁን ጉዱን ብታይ። የሰውየው ዓይን ቅርቡን አላይ ብሎታል። መግለጫ ሲያነብ ወረቀቱን ወደ ፊት እየገፋ እየገፋ ክንዱ አለቀበት። በዕድሜ የሚመጣ ነው፣ መነጽር አድርግ የሚለው ደፋር ጠፋ። እሱም ማተሚያ ቤቱ አሻጥር ሠርቶ ፊደሉን አደብዝዞታል ብሎ አስኮነነን። እጃችንን አውጥተን ፊደል ኮነንን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ይኸው ሰው በቀደም አስጠራኝ። ለበዓል ከበላያችን ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ፣ ሕፃናቱ መዝሙር ያቀርባሉ፣ የአብዮቱ ልጆች ዕውር እንዳይመስሉ ለልምምዱም ለበዓሉም ያንን ጨርቅ አንሺላት አለኝ። ልምምዱ ደግሞ ሳምንታት ሙሉ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪም ያዘዘው ነው ብዬ ብነግረው፣ ከሐኪም እኔ አውቃለሁ አለ። ክንዱን የጨረሰ ሰው ስለ ዓይን ሊያስተምረኝ! ፈራሁ ታዴ፣ አልዋሽህም። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ከነልጄ መንገድ ላይ ይጥለኛል አልኩ። ግን ያ ዓይን እንዲጠፋ ዝም ብል ደግሞ አንተን ሁለት ጊዜ መቅበር ሆነብኝ። ልጄን አላመጣም አልኩና ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ተከልክለናል። ቂሙ ስኳር ድረስ ነው፤ ትልቅ ሰው! ሻዩን መራራውን እንጠጣለን። ሮማን ፊቷን ታኮማትራለች፤ እኔ እሱን እምቢ ማለቴን እያሰብኩ ስጠጣው ይጣፍጠኛል።

ዓይኗ ሲሸፈን ቅርብ ሥራ ስጫት ተብያለሁ። ተክለ ሃይማኖት ከነበረው የልብስ ስፌት ሱቅህ ያመጣሁትን፣ ብርድ ልብስ የምትሰፋበትን ትልቁን መርፌ ሰጠኋት። ክሩ ከቀዳዳው ጎን ሲያልፍባት እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም ፊቴን አዙሬ አለቅሳለሁ። እንዲህ ስንል ከረምን። ትናንት ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ እንዳንተ የምላሷን ጫፍ አውጥታ፣ አስገባችው። በዚያ በሰነፉ ዓይን አስገባችው። ክሩ የተንጠለጠለበትን መርፌ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ ዓይን ቀጥ ብሎ እኔ ላይ ነበር።

አንተ ስታየኝ ሰው ሁሉ በሩን የምታይ ይመስለው ነበር። የትኛው ዓይንህ እኔ ላይ እንዳለ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሊቀመንበሩም ስኳሩም ያልፋሉ። አንተን ግን እስክንገናኝ እንደዚያው እንደነበርክ አስታውስሃለሁ፦ ግራው በሩ ላይ፣ ቀኙ እኔ ላይ።

የሮማን እናት