የጤናው ገጽ የእኔ አልነበረም

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሥራዬ መጻፍ ሆኖ ሳለ ላንተ አንድ መስመር መጻፍ ፈርቼ ቆየሁ። ዛሬም ፍርሃቱ ለቆኝ አይደለም። ያደረግኩትን የዛሬ ወር ሚዛን ከተማ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናግሬዋለሁ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ሰምተውት አንተ ሳትሰማው መቅረትህ ነውር ሆኖብኝ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ማለቴ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እሷም እኔም ተመርምረን ካንተ በሽታ ነፃ ነን ተብለናል። የጓሮው ኮረሪማ በእሷ እጅ ካንተ ጊዜ የበለጠ አምሯል፤ እንዳይከፋህ። ጫካ ውስጥ የሰቀልካቸው ቀፎዎች ላይ የሚወጣ የለም። ሁለቱ ወድቀው ተሰብረዋል፤ በቀሩት ውስጥ ንብ ይኑር አይኑር ከታች ሆነን አንገታችንን አቅንተን እንገምታለን። ቡናውን ዘንድሮ በእሸቱ ሸጥነው፤ አስጥቶ እንዳንተ በየሰዓቱ የሚያገላብጠው ጠፋ። ውሻህም ሞተ። ይህን እንዳልነግርህ እማዬ አስጠንቅቃኝ ነበር።

የማስተምርበትን ኮሌጅ ታስታውሰዋለህ። አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መጥተህ «ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» የሚለውን ሰሌዳ ቆመህ አነበብክና፣ የቀረው ዓለም በየት በኩል ነው የሚገባው ብለህ ጥበቃውን ሳይቀር አሳቅከው። ያ ኮሌጅ ነው ካቻምና ዘርፈ ብዙ ጥናት ሥሩ ያለን። ግብርናው፣ ጤናውና እኔ የማስተምረው ሶሲዮሎጂ ተጣምረው የቡና ገበሬውን ኑሮ በአንድ ላይ ያጥኑ ተባለ። መጠይቁ ሦስት ክፍል ነበረው። የቡናውን የግብርና መምህሩ፣ የቤተሰቡንና የኑሮውን እኔ፣ የጤናውን ደግሞ ጌታሁን የሚባል የቴፒ ልጅ አዘጋጀን። መስክ ላይ ሰው ስላልበቃን አንዱ ጠያቂ ሦስቱንም ይዞ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። በወረቀት ላይ ተጣምረናል፤ እውነቱን ከፈለግክ ግን ሁላችንም የምንጨነቀው ለየራሳችን ገጽ ነበር።

የሚጠየቁት ቤቶች በዕጣ ሲለዩ የእኛ ቤት ወጣ። ደንቡ ዘመድን ለሌላ ጠያቂ ስጡ ይላል። እኔ ግን ናፍቃችሁኝ ነበርና ለማንም ሳልናገር ወሰድኩት። ሸዋ ቤንች ላይ ከመኪና ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ያገሬን ሰው እያየሁ ደመወዝ የሚከፈለኝ ዕድለኛ ነኝ እያልኩ ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ቡናው ቀልቷል። ቅርጫትህን ከወገብህ ፈትተህ ግንዱ ላይ ተቀመጥክልኝ። ሥልጠናው ላይ ትልቁንም ትንሹንም «እርስዎ» በሉ ተብለን ስለነበር አንተን የገዛ አባቴን እርስዎ አልኩህ። አንተም ቀልዱ ገብቶህ ኮትህን ቆለፍክና ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሽማግሌ ኮስተር አልክ። ስለ ቡናው የነገርከኝን የግብርና መምህሩ በኋላ ሲያነበው እኚህ ሰው መጥተው ቢያስተምሩልኝ ብሏል። በእኔ ገጽ ላይ ልጅ አለዎት ወይ፣ ምንስ ይሠራሉ የሚል ጥያቄ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ የኮሌጅ መምህርት ናት ብለህ እኔኑ ለእኔ አስጻፍከኝ። እየሳቅኩ ጻፍኩት።

የጤናው ገጽ ላይ ስንደርስ ደክሞኛል፤ አንተም ሐሳብህ ቡናው ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል አለዎት ወይ ይላል፤ አዎ አልክ። ሌሊት ያልብዎታል ወይ ይላል፤ አዎ። ክብደት ቀንሰዋል ወይ ሲል ወደ ቀበቶህ ዝቅ ብለህ አየህና አሁንም አዎ አልክ። ሦስት ቦታ ምልክት አደረግኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ከሦስቱ አንዱን እንኳ አዎ ላለ ሰው ጤና ጣቢያ የሚልክ ወረቀት እንድንጽፍ ታዘናል። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ለጎረቤታችን ለጋሽ ወልዴ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ እሱ ያለው አንድ አዎ ብቻ ነው። ላንተ አልጻፍኩም። ሳልህን ስለማውቀው ነው ያልጻፍኩት። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከአጥሩ ማዶ ሳልህን ሰምቼ ቤት መሆንህን እረዳ ነበር። የሰው ሳል ስሰማ በሽታ ይመስለኛል፤ ያንተን ስሰማ አባቴ መጣ ነበር የምለው።

በማግስቱ ሻይ ቤት ተቀምጬ መጠይቆቹን ሳጣራ፣ በጤናው ገጽ ግርጌ ወረቀት ተሰጥቷል ወይ የሚለው ሣጥን ባዶውን አገኘሁት። ያልተሟላ መጠይቅ ወደ ጠያቂው ይመለሳል፤ ያን ዳገት እንደገና መውጣት ሊሆንብኝ ነው። «ተሰጥቷል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። የእኔ ገጽ አይደለምና ሻዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

በጥናት ላይ ስም አይጻፍም፤ ሰው በቁጥር ይተካል። ጌታሁን ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት አዎ ያለውን ቁጥር ሲያይ ደንግጦ ነበር አሉ። ወዲያው ወረቀት መቀበሉን ፈለገና «ተሰጥቷል» የሚለውን አገኘ። እኔ ባልዋሽ ኖሮ በዚያው ሳምንት ሰው ይልክብህ ነበር። ምልክቴ ልቡን አሳረፈችው።

በጥር እማዬ ደወለች። ደም መትፋትህን እስከዚያች ቀን ከእሷም ደብቀሃል። ሆስፒታል ስናደርስህ ቲቢው ሁለቱንም ሳንባህን ጨርሶት ነበር። ሐኪሙ ተናደደ፤ እስካሁን የት ነበራችሁ፣ ቤት ውስጥ የተማረ ሰው የለም ወይ ብሎ ጮኸብን። አንተ መናገር አቅቶህ እጅህን አነሣህና ወደ እኔ ጠቆምክ። ልትከሰኝ አልነበረም አባዬ፣ ልትኮራብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ብቻ ቆየህ።

አንተም ጥፋት አለብህ፤ ስለሞትክ ብቻ አላልፍህም። በየሳምንቱ ስደውል ደህና ነኝ ትለኝ ነበር። ሌሊት እንደሚያልብህ፣ ሱሪህ እንደሚወልቅብህ አንድ ቀን እንኳ ሳትተነፍስ፣ ለእኔ የደበቅከውን ለወረቀት ተናገርክ። በኋላ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ዓይን ዓይኔን እያየህ ነበር የምትመልሰው። ምናልባት ልጅህን እንዳታስደነግጣት ብለህ ለመምህርቷ እየነገርካት ይሆናል። መምህርቷም ልጅህም አልሰሙህም።

በሚያዝያ ሁለተኛው ዙር መጠይቅ ሲካሄድ አልተገኘህም። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ሥራ «ጥናቱን ያቋረጠ» ይባላል። ሠንጠረዡ ላይ ያን ቃል ከቁጥርህ ጎን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጌታሁን ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ፣ ምልክት የታየባቸው ሰዎች በሙሉ ወደ ጤና ጣቢያ ተልከዋል የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባ። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አራቱንም ጊዜ ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ መለስኩለት።

የኮሌጁ ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ሲደርስ ለሦስታችንም አቅራቢዋ እኔ ሆንኩ። ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚከታተሉ እንግዶች ነበሩ፤ ምስላቸው ሄድ መጣ እያለ አስቸገረን እንጂ ሰሌዳው ያለው ዓለም ገብቶልህ ነበር። እያነበብኩ ያ ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ አልወጣልህ አለኝ። ምልክት የታየባቸው ሰዎች ከአንድ ሰው በስተቀር ተልከዋል አልኩ። ጌታሁን ቀና አለ፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ቃል ነው። ከፊት የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን አውጥተው፣ አንዱን ጠያቂው ለምን ሳይልከው ቀረ አሉኝ። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ስለሆነ ነው አልኳቸው። ሣጥኑንም፣ ሻይ ቤቱንም፣ የሞትክበትንም ቀን ነገርኳቸው። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና የሻይ ዕረፍት ነው አለ።

ጽሑፉ ለመጽሔት ሳይላክ ታገደ። እኔም ከጥናት ሥራ ወጥቻለሁ፤ ማስተማሩን ትተውልኛል። ጌታሁን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ መንገድ ይቀይራል፤ የሁለት ዓመት ልፋቱን ነው ያበላሸሁበት። ጋሽ ወልዴ ስድስት ወር ኪኒኑን ውጦ ድኗል፤ ወፍሯል እንኳ። ባገኘኝ ቁጥር በወረቀትሽ ተረፍኩ እያለ ግንባሬን ይስመኛል። አንገቴን ደፍቼ እሳማለሁ። አንዳንድ ቀን ምነው በእሱ በሆነ እላለሁ፤ ይህንንም እወቀው።

ከጉባኤው በኋላ ቅዳሜ ዕለት ቤት ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር፤ እጇን አላቆመችም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እሱ ይህን አውቆ ነው የሞተው? አለች። አላወቀም አልኳት። ተመስገን አለችና ፊቷን አዞረች። እኔን ልታጽናና አይደለም ያለችው። ላንተ ነው፤ ልጄ ታድነኛለች እንዳልክ መሞትህ ደስ ብሏት ነው።

እኔ ግን ያን እንኳ አልተውኩልህም፤ ይኸው ነገርኩህ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እንቢ ማለት ለማይችል ሰው ይቅርታ አይጠየቅም። አንተ አውቀህ ተኛ አባዬ፤ እኔ እያስታወስኩ እኖራለሁ።

ልጅህ