ከሰማይ ታይቶ «ሞቷል» ስለተባለው የወይዘሮ አሳየች ስንዴ

ድርቅ የሚችል ስንዴ በድሮን ለሚመርጠው ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የአዳማ ሙቀት ቢሮዎ ድረስ ዘልቆ እንዳላስቸገረዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ መስኮትዎ ዓመቱን ሙሉ ተከፍቶ እንደማያውቅ ሰፈሩ ያወራል። እኔ እንኳ ሐሜት አልወድም፤ የመጣሁት ለምስጋና ነው።

1ኛ. ከወለንጪቲ ወዲህ የሚያርሱት ወይዘሮ አሳየች የማሳቸውን ሩብ ለሙከራችሁ ሰጥተው፣ ዐሥራ ሁለት ዓይነት ስንዴያችሁን ሁለት ዓመት ያለ አንዲት ጠብታ የመስኖ ውኃ በማሳደጋቸው፣ አንዱም ዝናቡ ከመቋረጡ በፊት ፍሬ ቋጥሮ ከሁሉም ቀድሞ በመድረሱ እንኳን ደስ አለዎት። ስትፈልጉት የኖራችሁት እኮ ይኸው ነበር።

2ኛ. እንግዶች መጥተው እንዲያጨበጭቡ ሲባል ድሮኑ ከቀጠሮው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ስለተነሣ እናመሰግናለን። ያን ቀን ዐሥራ አንዱ ገና አረንጓዴ ነበሩ፤ ያ አንዱ ግን ቢጫ ሆኖ፣ ፍሬው ከብዶት አጎንብሶ ነበር። ኮምፒውተራችሁም አረንጓዴውን «ጤነኛ»፣ ቢጫውን «በድርቅ የሞተ» ብሎ መዘገበ። እሱስ ማሽን ነው። መኪና ውስጥ ሆነው ስክሪን ሲያዩ የዋሉት ባለሙያዎች ግን ወርደው አንዲት ዛላ በመዳፋቸው አሽተው፣ ገለባዋን እፍ ብለው፣ ፍሬዋን በጥርሳቸው ቢሰብሯት ምን ነበረበት? ለካ ጫማ አቧራ ይነካዋል!

ሦስተኛውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ደሜ ይፈላል። በአጨዳው ዋዜማ «የሞተው ይጽዳ» ብላችሁ ትራክተር ላካችሁ። ወይዘሮ አሳየች ፊቱ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ደርሷል! ለደረሰ ስንዴ ማጭድ እንጂ ማረሻ ይላካል?» ቢሉ፣ ሾፌሩ ኪሩ አንገቱን ደፍቶ፣ «እናቴ፣ እኔም አያለሁ። ወረቀቱ ነው ሞቷል የሚለው» አላቸው። የሁለት ዓመት ልፋት ከነዘሩ አፈር ገባ። ዘንድሮ ለገበሬው «ምርጥ ዘር» ብላችሁ ያከፋፈላችሁት ያንኑ አረንጓዴውን ነው፤ ቁመቱ ያምራል፣ ዛላው ባዶ ነው። ክቡር ሆይ፣ ይህ ስሕተት አይባልም፤ ንቀት ነው።

ከድሮንዎ ሥር፣ ከአቧራው መሐል ሆና እጅ የምትነሣ፣ ለዓይንዎ ብርሃን ለእግርዎ ብርታት የምትለምን፣
ሸዋወርቅ ኃይለየሱስ

የረሳሁት፦ የዚያን ዕለት የትራክተሩ ሞተር ሩብ ሰዓት ያህል አልነሣ ብሎ ነበር አሉ፤ የሚከሰስ ካለ ሞተሩ ይከሰስ። በዚያች ሩብ ሰዓት ወይዘሮ አሳየች በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯት እፍኝ ዘር ዘንድሮ ጓሯቸው ተዘርታ፣ ይኸው ከዐሥራ አንዱ ቀድማ ቢጫ ሆናለች። ድሮኑን አይላኩ። መዳፍዎን ይዘው በእግርዎ ይምጡ።