ጣታቸውን ያላወቀው ማሽን

እሁድ፣ ጠዋት 1፡00

እዚህ የሥራ ሳምንቱ የሚጀምረው እሁድ ነው፤ ሚኒባሱ ዛሬም ዘገየ። ገና በጠዋቱ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነው። የወደቡ ነፃ የንግድ ቀጠና ደርሼ የመጋዘናችንን በር ሳይ ማሽኑ ተሰቅሏል፤ የጣት አሻራ ማሽኑ። መዳፍ የምታክል ዕቃ ናት። ሰዎቹ ግን እባብ እንዳየ ሰው ራቅ ብለው ቆመዋል።

ቀን 6፡00

ነገርኳቸው፣ ደብተሬ። ሥ/አስኪያጁ በፈረንሳይኛ አዘዘኝ፤ እኔ የፈረቃ ኃላፊዋ ለጫኝና አውራጆቹ በሶማልኛ አስተላለፍኩ። ከእንግዲህ የቀን ሠራተኛ የሚመርጠው ዋቤሪ አይደለም። ማሽኑ ነው። ጣት ማስነካት፣ መግባት፣ በቃ። ለውጥ ነው አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን በጥፊ ማጮል አማረኝ።

ዋቤሪ የጫኞቹ አለቃ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በዱላው እየጠቆመ፣ አንተ ግባ አንተ ቅር ሲል የኖረ ሽማግሌ። ጨካኝ ነው። መልስ የሰጠውን በዚያው ዱላ ትከሻውን ይለዋል። ደም ሲፈስ አይቻለሁ። ግን የማን ሚስት እንደወለደች፣ ማን ከነልጆቹ ጦሙን እንዳደረ ያውቃል።

“ሰዓዳ፣ ይሄ ዕቃ የራበውን ሰው ይለያል?” አለኝ።

አዴር፣ ትእዛዝ ነው አልኩት። እዚህ አጎት ለሚያህል ሰው አዴር ነው የሚባለው። አላየኝም። መሬቱ ላይ ተፋ።

ሥ/አስኪያጁን ለምኜው ነበር እኮ። ቀስ ብለን፣ ሰዎቹን አነጋግረን፣ ዋቤሪንም ከጎናችን አድርገን እንጀምረው ብዬ። ሰዓቱን አየና፣ ማሳመን ያንቺ ሥራ ነው አለኝ።

ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

አላወቃቸውም! ማሽኑ አላወቃቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የሲሚንቶና የጨው ከረጢት የተሸከሙ ሰዎች። ጣታቸው ተልጦ ተልጦ አሻራ የሚባል ነገር አልቀረበትም። ቀይ መብራት። ደግሞ ቀይ። ወጣቶቹ እየገቡ ነው፤ አንጋፋዎቹ በር ላይ ቀርተዋል።

ሀሰን ደጋግሞ አስነካ። በሸሚዙ ጠረገ፣ በምራቁ አረጠበ፣ እንደገና አስነካ። ቀይ። ሀሰን ማለት አምና የተደረደረ የእንጨት ፓሌት ከነጭነቱ ሲናድብኝ በአንገት ልብሴ ጎትቶ ያወጣኝ ሰው ነው። ድምፁ የማይሰማ፣ ከማንም የማይጣላ። ዛሬ ዓይኑን ማየት ፈራሁ።

ለሥ/አስኪያጁ ደወልኩ። ጣቱ ያልተነበበ ወደ ቤቱ አለ። ዘጋው።

ያለውን ለሰዎቹ ተናገርኩ። ድንጋይ በጆሮዬ ሥር አልፎ የዘበኞቹን መስኮት አደቀቀው። ማን እንደወረወረ አላየሁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቢያገኘኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበ እንዳትፈርጂብኝ።

ጠዋት ዋቤሪ ዱላውን ጥሎ የከረጢት መንጠቆ ይዞ መጣ። ማሽኑን አንዴ መታው፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ስብርባሪው ፊቴ ላይ ተረጨ። ሰዎቹ ጮኹ፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁም። ዘበኞቹ ቆመጥ ይዘው ወጡና ቅርባቸው የነበረውን ያዙ። ሀሰንን። ዋቤሪ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ እኔን ያዙኝ እያለ ይጮሃል። የሚሰማው የለም። ሀሰን ወድቋል። አንዱ ትልቁ ዘበኛ መንጋጋውን በቆመጥ ይመታዋል። ድምፁ! እንጨት በእንጨት እንደሚመታ ያለ ድምፅ።

ከዚያ እጄ ላይ የፓሌት ጣውላ አለ። ከየት እንዳነሳሁት አላውቅም። በሁለት እጄ አውርጄ የዘበኛውን የእጅ አንጓ መታሁት። ሲሰበር እስከ ክርኔ ተሰማኝ። ቆመጡ ወደቀ። ሰውዬው እናቱን ጠራ።

ደስ አለኝ። ይኼን ለማንም አልናገርም፤ ላንቺ ብቻ። ደግሜ ልመታው አንስቼ ነበር። ዋቤሪ ነው ከኋላ ያቀፈኝ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡00

ሥ/አስኪያጁ ቢሮ። አየር ማቀዝቀዣው አጥንት ይቆረጥማል። ሪፖርት ተጽፎ ጠበቀኝ። ማሽኑንም የዘበኛውን እጅም የሰበረው ሀሰን ነው ይላል። ምስክር፣ እኔ። ግርግር ነበር፣ ማን ምን እንዳደረገ ማን ያያል አለኝ፣ በለሆሳስ። ከፈረምኩ የበሮቹ ሁሉ ኃላፊ እሆናለሁ። ካልፈረምኩ መ/ቤቱ የመኖሪያ ፈቃዴን አያሳድስም። ወስደሽ አስቢበት፣ እሁድ ጠዋት ፈርመሽ ይዘሽ ነዪ አለ።

የወረቀት መቁረጫ ቢላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየሁት። ቶሎ ወጣሁ።

ኀሙስ፣ ከሰዓት 10፡00

ዋራበሌ፣ ሀሰን ሰፈር ሄድኩ። የሀሰን ሚስት በሩን ከፍታ ማንነቴን ስታውቅ በጥፊ አጮለችኝ። ልትደግመኝ እጇን አንስታ አልቅሳ ተወችው፤ አስገባችኝ።

ሀሰን ፍራሽ ላይ ነው። መንጋጋው በጨርቅ ታስሯል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ጠፍቷል። ስለ ሪፖርቱ ነገርኩት። በጥርሱ መሃል ነው የሚያወራው።

“ፈርሚ። እኔን ከእንግዲህ አያስገቡኝም። እዚያ ውስጥ ስማችንን የሚያውቅ አንድ ሰው ይቅር።”

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመታኝ።

ቅዳሜ፣ ቀን 8፡00

ካርቲየ 1 ሰፈር፣ የእህቴ ሱቅ። ፈቱም የጨርቅ ጥቅሉን በቡጢ እየደበደበች ትጮኽብኛለች። ከድሬዳዋ ወደዚህ አገር ይዛኝ የመጣችው እሷ ናት፤ እንደ እናት ናት።

“ሀሰን አገሩ ነው፣ ዘመድ አለው። አንቺን ማን ያነሳሻል? ፈርመሽ ተቀመጪ!”

የመታሁት እኔ ነኝ እቴቴ አልኳት።

“ማን አየሽ?”

እኔ አየሁኝ አልኩ። መቀሱን ወረወረችው። ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ቀረ።

እሁድ፣ ጠዋት 12፡40

የእነሱን ሪፖርት ቀደድኩት። አሁን የራሴን በፈረንሳይኛ ጽፌ ጨረስኩ፣ አንድ ገጽ፣ ሁለት ቅጂ። ዘበኛውን የመታሁት እኔ ነኝ። ሀሰን ማንንም አልነካም። ማሽኑ የተሰበረው ሰዎቹን ሳናናግር በራቸው ላይ ስለሰቀልነው ነው፤ ያስተላለፍኩትም እኔ ነኝ። የዋቤሪን ስም አልጻፍኩም። ከፈለገ ራሱ ይናገር። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ከታች አሰፈርኩ።

አንዱን ለሥ/አስኪያጁ። አንዱን ለሀሰን ሚስት፣ ለከሳሽም ለዳኛም እንድታሳየው።

ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ፈቱም በሩ ላይ ጀርባዋን ለጥፋ ቆማለች፤ አላስወጣሽም፣ ገድለሽኝ ውጪ ትላለች። ታለቅሳለች። ከእኔ ትገዝፋለች።

ገፍቻት እወጣለሁ።